አክሱምን ስጫን ላሊበላ ይከፈታል፦ ፓወርፖይንት ላይ የሚጫኑ ቦታዎች ለምን ያስቸግራሉ?

ጥያቄ፦ «የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ነኝ። በዩኔስኮ የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ቅርሶችን በፓወርፖይንት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ካርታ አለ። ተማሪዎች ተራ በተራ ወጥተው የፈለጉትን ቦታ ሲጫኑ የዚያ ቦታ ስላይድ እንዲከፈት ነው የምፈልገው። በየቦታው አራት ማዕዘን ሳልኩ፣ ቀለሙን አጠፋሁ፣ ሊንክ አደረግኩ። አክሱምን ስጫን ግን የሚመጣው ቀጣዩ ስላይድ ነው፣ ላሊበላ። አንዳንዴ ደግሞ በትክክል ይሠራል። ቤቴ የሚከፈቱት ቪዲዮዎችም በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳቸው አይከፈቱም። ባልደረባዬ ይሄ ፕሮግራሚንግ ይጠይቃል፣ በፓወርፖይንት አይሆንም አለኝ። እውነት ነው?»

አይደለም። ለሚፈልጉት ነገር አንድ መስመር ኮድ አያስፈልግም። ሌላ ሶፍትዌር መግዛትም የለብዎትም። እስካሁን የሠሩት አብዛኛው ትክክል ነው። የቀረው ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ «ሊንኩ አይሠራም» የሚለውን እንተወው። ሊንኩ ይሠራል፤ ያልተነካው እሱ ነው። አክሱም ላይ ሲጫኑ ክሊኩ ያረፈው ከሥር ባለው ስላይድ ላይ ነው። ፓወርፖይንት ደግሞ ባዶ ስላይድ ሲነኩበት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀጥል። እርስዎ ለ12ቱ ቅርሶች ካርታው ላይ 12 ትንንሽ ቁልፎች እንዳስቀመጡ ያስባሉ። ያሉት ግን 13 ናቸው። 13ኛው መላው ስላይድ ነው። ከሁሉም ይተልቃል፣ ሳይጠሩትም አቤት ይላል።

ይህ ጠባይ አብሮት የተወለደ ነው። ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ ሥራው ለኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚሆኑ ግልጽ ላስቲኮችን ማዘጋጀት ነበር። አንዱን ላስቲክ ማንሳት፣ ሌላውን መተካት፣ በቃ። የሚገርመው በዚያው ዓመት አፕል ሃይፐርካርድ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። እሱ የተሠራው በካርዶችና በቁልፎች ነበር፤ ከአንዱ ካርድ ወደፈለጉት ካርድ ይዘላሉ። እርስዎ የሚፈልጉት የሃይፐርካርድን ሥራ ነው። በእጅዎ ያለው ግን የላስቲኩ ዘር ነው። ስለዚህ ጠባዩን ልናስለቅቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። «ቀለሙን አጠፋሁ» ብለዋል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንድን ቅርጽ የማይታይ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ለማውሱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

እርስዎ የመረጡት «ኖ ፊል» የሚባለውን ነው። ይሄ የቅርጹን መሐል ያስወጣዋል። መስታወቱ የወለቀ የመስኮት ፍሬም ያስቡ፤ እጅዎን ቢሰዱ ያልፋል። ሊንኩ የቀረው ጠርዙ ላይና ውስጡ የተጻፈ ነገር ካለ ፊደሉ ላይ ብቻ ነው። «አንዳንዴ ይሠራል» ያሉት ምስጢሩ ይሄ ነው። በአጋጣሚ ጠርዙን ሲያገኙት ይሠራል፣ መሐሉን ሲነኩ ክሊኩ አልፎ ስላይዱን ይመታል።

ትክክለኛው መንገድ ቀለሙን ትቶ ማሳሳት ነው። ቅርጹን በቀኝ ክሊክ ይጫኑ፣ «ፎርማት ሼፕ» ይበሉ፣ «ፊል» ሥር «ሶሊድ ፊል» ይምረጡ። ቀለሙ ምንም ይሁን። ከሥሩ «ትራንስፓረንሲ» የሚል መንሸራተቻ አለ፤ 100 ያድርሱት። «ላይን» የሚለውን ደግሞ «ኖ ላይን»። አሁን መስታወቱ ገብቷል። አይታይም፣ ግን ክሊኩን ይይዛል።

እኔ ስሠራ ከመጀመሪያው 100 አላደርገውም። ደማቅ ቀይ መርጬ 50 ላይ እተወዋለሁ። ካርታው የፈንጣጣ በሽተኛ መስሎ ይቆያል፣ ግን ሁሉንም አያቸዋለሁ። ቦታቸውን ካስተካከልኩ፣ ሊንኩን ከሞከርኩ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ መርጬ 100 አደርጋለሁ። ከመጀመሪያው የማይታዩ ካደረጓቸው የራስዎን ቁልፍ እንደ ወደቀ መርፌ ሲዳብሱ ያመሻሉ። ከጠፋብዎት ግን «ኦልት» እና «ኤፍ10»ን አንድ ላይ ይጫኑ። በስተቀኝ የስላይዱ ዕቃዎች ዝርዝር ይከፈታል። እያንዳንዱን እዚያው ስም ያውጡለት፦ አክሱም፣ ሐረር፣ ኮንሶ። «ሬክታንግል 17» የሚል ስም ለማንም አይጠቅምም።

ሊንኩን ሲያስሩ ቅርጹን መርጠው «ኮንትሮል» እና «ኬ»ን ይጫኑ። ከሚከፈተው ሳጥን በግራ በኩል «ፕሌስ ኢን ዚስ ዶክዩመንት» የሚለውን ይምረጡ። የስላይዶችዎ ዝርዝር ይመጣል። ርዕስ ያለው ስላይድ በርዕሱ ይታያል፣ ርዕስ የሌለው በቁጥር ብቻ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስላይድ በርዕስ ሳጥኑ ውስጥ ርዕስ ይስጡት፤ ተራ ጽሑፍ ሳጥን ውስጥ የጻፉት እንደ ርዕስ አይቆጠርም። ስላይዶቹን በኋላ ወዲያና ወዲህ ቢያዘዋውሯቸው አይጨነቁ። ሊንኩ የተያያዘው ከስላይዱ ከራሱ እንጂ ከቁጥሩ አይደለም። ስላይዱን ከሰረዙት ግን ሊንኩ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሁሉም ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። የላሊበላን ቁልፍ አሳምረው ይሠራሉ። ከዚያ ኮፒ አድርገው ሐረር ላይ፣ ኮንሶ ላይ፣ ጢያ ላይ ይለጥፉታል። ቅርጹ ሲኮረጅ ሊንኩም አብሮ ይኮረጃል። ኢትዮጵያ በሙሉ ወደ ላሊበላ ትወስዳለች። ኮፒ ማድረግ ክፉ አይደለም፣ ግን ለጥፈው ሳይውሉ ሳያድሩ ሊንኩን ይቀይሩ።

ሁሉም በትክክል መታሰሩን ለማወቅ የግድ መጫን የለብዎትም። «ኤፍ5» ብለው ያስጀምሩና ማውሱን በካርታው ላይ በቀስታ ያሳልፉት። ቀስቷ ወደ እጅ ከተለወጠች ሊንክ አለ። ካልተለወጠች የለም። ይህን የሚያዩት ስላይድ ሾው ላይ ብቻ ነው። በማዘጋጃው ገጽ ላይ ሆነው ጠቅ ጠቅ እያደረጉ «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ላይ ክሊክ ማለት ቅርጹን መምረጥ ነው።

ስለ ካርታው ራሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእርስዎ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ያረጋግጡ። የሰሜን ተራሮች ፓርክና ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 ተመዘገቡ። ፋሲል ግቢ በ1979። አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ በ1980። ሐረር ጀጎል በ2006፣ ኮንሶ በ2011። ከዚያ ጌዴኦና የባሌ ተራሮች በ2023፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2024። 12 ናቸው። ከ2023 በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዘው ከሆነ 9 ላይ ይቆምብዎታል።

አሁን ጢያንና መልካ ቁንጡሬን ይመልከቱ። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። ካርታው የስላይዱን ቁመት ቢሞላ እንኳ በመሐላቸው ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይገኝም። እያንዳንዳቸው ላይ ለጣት የሚመች ቁልፍ ካስቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል። ሁለት ቁልፎች ሲደራረቡ ክሊኩን የሚወስደው ከላይ ያለው ነው። ተማሪው ጢያን ነክቶ መልካ ቁንጡሬ ይከፈትበታል፤ ልጁ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ቁልፉን ማሳነስ መፍትሔ አይደለም። ለመንካት የሚያስቸግር ይሆናል፣ የነካውም ይስታል። ከነጥቡ ቀጭን መስመር ስበው ወደ ካርታው ግራ፣ ባዶው ቦታ ላይ ያውጡት። እዚያ ስሙን በደንብ ይጻፉ። የሚጫነው ስሙ ይሁን፣ ነጥቡ ምልክት ብቻ ይሁን። ጎንደርና ሰሜን ተራሮችም ያን ያህል ባይጣበቁ ይቀራረባሉና እንደዚያው ቢያደርጓቸው ይሻላል። ስፋቱን በተመለከተ የእኔ ልክ በስላይዱ ላይ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ልጆች ይቸገራሉ።

የባሌ ተራሮችን ወሰን ተከትለው በ«ፍሪፎርም» የተጠማዘዘ ቁልፍ ልሥራ ካሉ ይቻላል። ቆንጆ ነው። ግን ቅዳሜዎን ይበላል፣ ተማሪው ደግሞ ልዩነቱን አያየውም። ክብ ይበቃል።

ወደዚያ 13ኛ ቁልፍ እንመለስ። ትንንሾቹን ሁሉ ቢያስተካክሉም አንድ ልጅ በስህተት ባዶ ቦታ፣ ሱዳን ላይ ቢጫን አሁንም ላሊበላ ይመጣል። እሱ መዘጋት አለበት።

ቀላሉ «ትራንዚሽን» የሚለው ትር ላይ ያለው ነው። በስተቀኝ «አድቫንስ ስላይድ» ሥር «ኦን ማውስ ክሊክ» የሚል ምልክት አለ፤ ያንን ያንሱት። ከዚያ በኋላ በማውስ ባዶ ቦታ መንካት ስላይድ አያሳልፍም። ኪቦርዱ ግን ያሳልፋል። የቦታ ቁልፉን ወይም ቀስቱን የነካ ልጅ አሁንም ያመልጣል። ራስዎ ቆመው ሲያስተምሩ ይሄ ይመረጣል፣ ምክንያቱም እርስዎ በኪቦርድ መሄድ ይፈልጋሉ።

ጠንካራው ደግሞ «ኪዮስክ» የሚባለው ነው። «ስላይድ ሾው» ትር፣ «ሰት አፕ ስላይድ ሾው»፣ ከዚያ «ብራውዝድ አት ኤ ኪዮስክ»። ሙዚየም በር ላይ ቆሞ ጎብኚ እንዲነካካው ለተተወ ስክሪን የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ክሊክ አይሠራም፣ ቀስት አይሠራም፣ ቀኝ ክሊክ አይሠራም። የሚሠሩት እርስዎ ያሰሯቸው ሊንኮች ብቻ ናቸው። መውጫው «ኢስኬፕ» ነው።

ኪዮስክ ግን ዋጋ ያስከፍላል። መመለሻ ቁልፍ የረሱበት ስላይድ ላይ የገባ ልጅ መውጫ የለውም፤ በር የሌለው ቤት ነው። ሌላው፣ በክሊክ አንድ በአንድ ብቅ የሚሉ ጽሑፎች ካሉዎት ብቅ አይሉም። እሱን የሚያስነሳው ክሊክ ተዘግቷልና። ያሉትን አኒሜሽኖች ወደ «አፍተር ፕሪቪየስ» ይቀይሯቸው፣ ወይም ያጥፏቸው። እውነት ለመናገር፣ ቢያጠፏቸው ይሻላል።

ሦስተኛ ዘዴም አለ፣ ጉግል ስላይድስ ለሚጠቀም ሰው የምመክረው፤ እዚያ ኪዮስክ የሚባል ነገር የለም። መላውን ስላይድ የሚሸፍን ትልቅ አራት ማዕዘን ይሳሉ። 100 ግልጽ ያድርጉት። ከሌሎች ቁልፎች ሁሉ ሥር፣ ከካርታው ግን በላይ ያስቀምጡት። ሊንኩን ወደዚያው ስላይድ፣ ወደ ራሱ ያድርጉት። ስቶ የተነካ ክሊክ ሁሉ እዚያው ይመልሳል። ብልህ ነገር ነው፣ ግን ኪቦርዱን አይዘጋም።

መመለሻውን በየስላይዱ አይሥሩት። ካርታው 1ኛ ስላይድ ይሁን። «ቪው»፣ «ስላይድ ማስተር» ይግቡ፤ የስላይዶቹ ሁሉ የጋራ መሠረት ነው። የቅርሶቹ ስላይዶች የሚጠቀሙበትን ሌይአውት፣ ማለትም የአቀማመጥ ቅርጽ፣ ፈልገው ጥግ ላይ አንድ ቅርጽ ያስቀምጡ፣ «ወደ ካርታው» ብለው ይጻፉበት። «ኢንሰርት»፣ «አክሽን»፣ «ሃይፐርሊንክ ቱ»፣ «ፈርስት ስላይድ»። ያ ሌይአውት ያላቸው ስላይዶች ሁሉ ቁልፉን ያገኛሉ። በ12 ስላይድ 12 ጊዜ ከመድከም ይገላግላል፣ ቦታውም ከስላይድ ስላይድ አይዘልም። ነገር ግን ማስተር ላይ ያለ ዕቃ ሁልጊዜ ከሥር ነው። ስላይዱን ሙሉ የሚሸፍን የላሊበላ ፎቶ ካስገቡ ቁልፉ ከፎቶው ሥር ይቀበራል። በኪዮስክ ላይ ደግሞ ይሄ ማለት ልጁ ቤተ ጊዮርጊስ ውስጥ ተቆለፈበት ማለት ነው። ለፎቶው ጠርዝ ይተዉለት።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ላስት ስላይድ ቪውድ» የሚል አለ። ወደ መጣሁበት መልሰኝ ማለት ነው። ለአንድ እርምጃ ጥሩ ነው። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ለመመለስ ደጋግመው ቢጫኑት ግን በሁለት ስላይዶች መካከል እንደ ፒንግ ፖንግ ያንገላታዎታል። «ማውስ ኦቨር» የሚለውን ትር ደግሞ ጨርሶ አይንኩት። ማውሱ በላዩ ሲያልፍ ብቻ የሚዘል ሊንክ ነው። ልጁ ወደ ሐረር ሲሄድ በታችኛው አዋሽ ላይ ካለፈ ተጠለፈ።

ስለ ፎንት አልጠየቁም፣ ግን እኔ የተቀጣሁበት ነገር ስለሆነ ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንድ ሥልጠና ልሰጥ ፕሬዘንቴሽን አዘጋጀሁ። የምዕራፎቹ ስም በተርታ ተጽፏል፣ በየስሙ ላይ የማይታይ ቁልፍ አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር እኔ የተጠቀምኩበት የአማርኛ ፎንት አልነበረውም። ሌላ ፎንት ተካበት፣ ፊደሉ ሰፋ፣ ስሞቹ ወደ ታች ተገፉ። የማይታዩት ቁልፎች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። «ምዕራፍ ሁለት»ን ስጫን ምዕራፍ ሦስት ይከፈታል። ሰዉ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ። እኔ ሳቁ ውስጥ አልነበርኩበትም።

ከዚያ ወዲህ ስም ላይ የሚያርፍ ቁልፍ ካለኝ ሊንኩን ስሙ ለተጻፈበት ሳጥን ለራሱ እሰጠዋለሁ፣ ሌላ ሽፋን አልደርብበትም። ሳጥኑን ሲያስሩ የሳጥኑን ጠርዝ ይምረጡ እንጂ ፊደሉን አያጥቁሩት። ፊደሉን መርጠው ካሰሩት ከሥሩ መስመር ይገባበታል፣ ቀለሙም ይቀየራል፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ደግሞ እንደገና ይቀየራል። ሳጥኑን ካሰሩት መልኩ አይነካም። ያ ሳጥንም «ሶሊድ ፊል» ይኑረው፤ አለበለዚያ በፊደላቱ መካከል ክሊኩ ይሾልካል። በዚህ ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብተው «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። የድሮዎቹን ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይተዉአቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ «አክሱም» የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ቅልቅል ሆኖ ይወጣል።

ቪዲዮው። «በፍላሽ ወሰድኩት» ሲሉ የወሰዱት ፓወርፖይንቱን ብቻ ነው። ቪዲዮውን በሊንክ ሲያስሩት ፓወርፖይንት ቪዲዮውን አይውጠውም። አድራሻውን ብቻ ይጽፋል፦ ከሲ ድራይቭ ጀምሮ፣ የእርስዎ ስም ያለበት ፎልደር፣ ከዚያ ዴስክቶፕ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በእርስዎ ስም ፎልደር የለም። አድራሻው ያለ ቤት ይቀራል።

ሊንኩን ይሰርዙትና ቪዲዮውን «ኢንሰርት»፣ «ቪዲዮ» ብለው ስላይዱ ውስጥ ያስገቡት። ከፓወርፖይንት 2010 ጀምሮ እንዲህ የገባ ቪዲዮ ከፋይሉ ጋር ይጓዛል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ምንም አይደለም። በጣም ከከበደ «ፋይል»፣ «ኢንፎ» ሥር «ኮምፕረስ ሚዲያ» አለ። ኤምፒ4 የሆነ ቪዲዮ ይምረጡ፣ አጀማመሩን «ዌን ክሊክድ ኦን» ያድርጉት። ያኔ በኪዮስክም ልጁ ቪዲዮውን ራሱን ነክቶ ያስነሳዋል። የግድ በሊንክ ይሁን ካሉ፣ መጀመሪያ ፓወርፖይንቱንም ቪዲዮዎቹንም አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው፣ እዚያው ሴቭ አድርገው፣ ከዚያ ሊንኩን ያያይዙት። የሚጓዘውም ፎልደሩ በሙሉ ነው። ወደ ዩቲዩብ የሚወስድ ሊንክ ግን ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው። በትምህርት ሰዓት ኔትወርክ ይኖራል ብዬ አልወራረድም።

ይህን ሁሉ ሠርተው ለተማሪዎቹ በቴሌግራም ልላክላቸው ቢሉ ጠባዩ ይለወጣል። ስልክ ላይ ያለው አፕ ስላይድ ሾው ካልጀመረ ሊንኩ ተራ ሥዕል ነው። ኪዮስክ ያሉትን ማክበር አለማክበሩም በየአፑ ይለያያል። ለስልክ ፒዲኤፍ አድርገው ቢልኩት ይሻላል። ከስላይድ ወደ ስላይድ የሚወስዱት ሊንኮች ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ቪዲዮና አኒሜሽን ግን አይሄዱም። ልኮ ከመተው በፊት አንድ ርካሽ ስልክ ላይ ከፍተው ይዩት።

ባልደረባዎ ያሉት ነገር እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱንም ልናገር። ጥያቄ አዘጋጅተው የልጁን ውጤት መቁጠር ከፈለጉ ሊንክ አይችልም። ሊንክ መውሰድ እንጂ ማስታወስ አያውቅም። ለዚያ ማክሮ ያስፈልጋል፣ ማክሮ ደግሞ ኮድ ነው። አልመክርዎትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮን ይዘጋል፤ እርስዎ ጋ የሠራው የዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይዞ ይቆማል። ያለ ውጤት «ትክክል ነው» ወይም «እንደገና ሞክር» ማለት ብቻ ከበቃዎት «ትሪገር» አለልዎት። «ትክክል» የሚለውን ጽሑፍ ብቅ የሚል አኒሜሽን ይስጡት፣ ከዚያ «አኒሜሽን» ትር ላይ «ትሪገር»፣ «ኦን ክሊክ ኦፍ» ብለው መልሱ የተጻፈበትን ሳጥን ይምረጡ። ቅድም ለዕቃዎቹ ስም ያውጡ ያልኩት እዚህ ይጠቅማል፣ ዝርዝሩ ውስጥ በስማቸው ነው የሚመጡት። ትሪገር በኪዮስክም ይሠራል።

ፓወርፖይንት ውስጥ «ዙም» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ዓይን ይስባል። ከካርታው ወደ ስላይዱ ጠልቆ ይገባል፣ መልሶ ይወጣል። በ2019ና ከዚያ ወዲህ ባሉት ስሪቶች ላይ ነው ያለው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓወርፖይንት የቆየ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ አይታይም። ቤትዎ ያለውን አይተው አይወስኑ።

እንግዲህ ለእርስዎ ሁኔታ፣ ተማሪ ራሱ ወጥቶ ስለሚነካው፣ የምለው አንድ ነው፦ ኪዮስክ። ካርታው 1ኛ ስላይድ፣ 12 ቁልፎች በ«ሶሊድ ፊል» እና በ100 ትራንስፓረንሲ፣ ጢያና መልካ ቁንጡሬ በመስመር ወደ ውጭ ወጥተው፣ መመለሻው ማስተር ላይ፣ ቪዲዮው ውስጥ ገብቶ፣ አኒሜሽን ጠፍቶ። ዋናውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጡት። ወደ ክፍል የሚወስዱትን «ሴቭ አዝ» ብለው «ፓወርፖይንት ሾው» በሚለው ዓይነት ያስቀምጡ፤ ሲከፈት በቀጥታ ካርታው ላይ ይጀምራል፣ ልጅ ስላይዱን ሊያርም አይገባም።

ክፍል ከመግባትዎ በፊት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። እርስዎ ግን አይሞክሩት፤ እጅዎ ቁልፎቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ምንም ያላየ አንድ ልጅ ይጥሩና ማውሱን ይስጡት። «እዚህ ጋ» አይበሉት፣ ዝም ብለው ከኋላው ይቁሙ። ሁለት ሦስቴ ደጋግሞ የነካው ቦታ ካለ ያ ቁልፍ ጠቧል፤ ያስፉት።